አንድም መጽሐፍ ያልጠፋባት

ወይዘሮ አመለወርቅ ጡረታ ልትወጣ ሁለት ወር ሲቀራት ለስብሰባ ተላከች። አይ የመሥሪያ ቤት ነገር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥልጠና የሚባል ነገር በበሯ አላለፈም፤ ቢመጣም የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው ይከፋፈሉትና ያልቃል። አሁን ጉልበቷ ደረጃ መውጣት እምቢ ሲላት፣ ዓይኗ ያለ መነጽር የመጽሐፍ ርዕስ ማንበብ ሲያቅታት፣ ሐዋሳ ላይ የሁለት ቀን የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ጉባኤ አለ፣ ተሳተፊ የሚል ደብዳቤ ደረሳት። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለችና ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ትንቢት ትሂድ» ብላም ነበር። ትንቢት ረዳቷ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ከተቀጠረች ገና ሁለት ዓመቷ። ልጅቱ ግን እምቢ አለች። «እትዬ፣ እኔ ገና ብዙ ቦታ እሄዳለሁ። እርስዎ ለሁለት ቀን እንኳን ከዚህ ወንበር ላይ ይነሱ።» አመለወርቅ የተስማማችው ስለደከማት ብቻ ነው። ያማራት ጉባኤው ሳይሆን ማንም የማይቀሰቅስበት አልጋ ነበር፤ እውነቱ ይኸው ነው።

የሚሠሩበት ጮራ ቤተ መጻሕፍት ዲላ ላይ ከገበያው ወረድ ብሎ ያለ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ክፍሉ መሃል ለመሃል በሽቦ ተከፍሏል። ከሽቦው ወዲያ መጻሕፍቱና አመለወርቅ፣ ከሽቦው ወዲህ አንባቢዎቹ። አንባቢ የሚፈልገውን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ፣ መታወቂያውን አስይዞ በትንሿ መስኮት ይጠይቃል። እሷ ታወጣለታለች፤ እሱም እዚያው ዓይኗ ሥር አንብቦ ይመልሳል። ከበሩ ውጪ አንዲት ቅጠል ወረቀት አትወጣም።

ይህን ሥርዓት ያመጣው ፍርሃት ነው። ከእሷ በፊት የነበሩት አቶ ገሪማ ደግ ሰው ነበሩ፤ ለጠየቃቸው ሁሉ ያውሱ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ርክክቡ ላይ ሰባት መጻሕፍት ጎደሉ። ሰባት ብቻ። የርክክቡ ኮሚቴ ከንብረት ዕዳ ነጻ ናቸው የሚለውን ወረቀት፣ ክሊራንሱን ከለከላቸው፤ ያለ ክሊራንስ ደግሞ የጡረታ ፋይል አይንቀሳቀስም። ሁለት ዓመት ሙሉ ወረቀታቸውን በፌስታል ይዘው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ አይታቸዋለች። «ነገ ይምጡ» ሲባሉ ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው «እሺ ልጄ» እያሉ ይመለሱ ነበር። ያን «እሺ ልጄ» ዛሬም ድረስ ትሰማዋለች። ስለዚህ ከእሳቸው ከተረከበችው ዕቃ መሃል አንድ አዲስ የውሰት መዝገብ ቢኖርም አንዲት ፊደል አልጻፈችበትም። አቧራውን ትጠርገዋለች፤ በየዓመቱ ቆጠራ ላይ «የውሰት መዝገብ፣ አንድ» ይባልና ተመልሶ መሳቢያ ይገባል።

ሐዋሳ ላይ የመጀመሪያው ቀን እንዲሁ አለፈ። ወንበሩ ለስላሳ ነው፤ መድረኩ ላይ ልጆቿ የሚሆኑ ምሁራን እየተፈራረቁ ስለ ሲስተም፣ ስለ ዳታቤዝ፣ ስለ ዲጂታል ምናምን ያወራሉ። ጮራ ያለችው አንዲት ኮምፒውተር ተበላሽታ በጨርቅ ከተሸፈነች አራት ዓመቷ ነው። አመለወርቅ ዓይኗን ገልጣ መተኛት ተማረች። ሻይ ሲባል ትነቃለች፣ ሳምቡሳዋን ትበላለች፣ ተመልሳ ትተኛለች። «ከጉባኤ ያገኘሁት ቁም ነገር እንቅልፍ ነው» ብላ በሆዷ ሳቀች።

በሁለተኛው ቀን ግን ሰዉን ክብ አስቀምጠው እያንዳንዱ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ የሚኮራበትን አንድ ነገር ይናገር አሉ። ተራዋ ሲደርስ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አመለወርቅ እባላለሁ፣ ከዲላ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም መጽሐፍ አልጠፋብኝም።»

ተጨበጨበላት። ደስ አላት፤ ለምን ይዋሻል፤ በሥራዋ ሲጨበጨብላት የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ፀጉራቸው ገብስማ የሆነ አንድ ሰው ከማዶ እጃቸውን አወጡ። አቶ እንድርያስ ይባላሉ፤ የአንዲት ትንሽ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ናቸው።

«እንኳን ደስ ያለዎት እህቴ። ስንቱን አዋሱ ታዲያ?»

«አናውስም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

«እንግዲያማ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው» አሉ አቶ እንድርያስ። እሳቸው አልሳቁም። አዳራሹ ግን ሳቀ።

አመለወርቅ ፊቷ ጋለ። ተቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ የተወራውን አንዱንም አልሰማችም። በሻይ ሰዓት ሰውዬው ሁለት ብርጭቆ ይዘው መጡና አንዱን አቀበሏት።

«ካስቀየምኩዎት ይቅርታ። እኔ ባለፈው ዓመት አሥራ አንድ ጠፉብኝ።»

«ይኮሩበታል?»

«ምን ያኮራል። ግን አሥራ አንዱም ማን ዘንድ እንዳሉ አውቃለሁ። አንዱን በቀደም መርፌ ልወጋ ሄጄ ነርሷ ጠረጴዛ ላይ አየሁት። ተማሪ ሳለች ነው የወሰደችው። እሷም አፈረች፣ እኔም ዝም ብዬ ክንዴን ሰጠኋት።»

አመለወርቅ ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ወዲያው ደግሞ ተናደደች። «ክሊራንሱስ? ጡረታ ሲወጡ ምን ሊሆኑ ነው?»

«እሱማ ያንገላታል» አሉ ሻያቸውን እያማሰሉ። «አያንገላታም ብዬ አልዋሽዎትም።»

ይህቺ ናት ያስቸገረቻት። አያንገላታም ቢሏት ኖሮ ጉረኛ ብላ ትተዋቸው ነበር። ወደ ዲላ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ አፖስቶ ከተማን እስክታልፍ ድረስ በሆዷ ስትሰድባቸው ቆየች፤ ከዚያ ስድቡ አለቀባት። ያኔ ማሚቱ ትዝ አለቻት።

ማሚቱ ቡና ለቃሚ ናት። ወደ ወናጎ መውጫ ባለው መጋዘን ተቀምጣ ከጠዋት እስከ ማታ መጥፎውን ፍሬ ከደህናው ስትለይ ትውላለች፤ ማታ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች። ሐምሌ ላይ ብሔራዊ ፈተና አለባት። ለምሳ ሲለቋቸው ምሳውን ትታ ጮራ ድረስ እየሮጠች ትመጣለች፤ ሻሿ ላይ የቡና ገለባ እንዳለ። ቤተ መጻሕፍቱ ለምሳ እስኪዘጋ ሃያ ደቂቃ ብታገኝ ነው። ወፍራሙን የባዮሎጂ መጽሐፍ ትጠይቅና በእጇ ትገለብጣለች። ባለፈው ጥቅምት አንድ ቀን፣ «እትዬ፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ ቢያውሱኝ» ብላ ነበር። አመለወርቅ «አይቻልም» አለቻት። ማሚቱም ሁለተኛ አልጠየቀችም።

ሰኞ ጠዋት ትንቢት ገና ከበሩ፣ «ምን ይዘው መጡ?» አለቻት።

«ቦርሳ። ላንቺ ነው።» ከጉባኤው የተሰጣትን ቦርሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችላት። «ስድብም ይዤ መጥቻለሁ። እሱ የኔ ነው።»

የዚያን ዕለት ማሚቱ የኩላሊት ሥዕል ገልብጣ ግማሽ ላይ ስትደርስ ቤተ መጻሕፍቱ ለምሳ የሚዘጋበት ሰዓት ሆነ። ደብተሯን ዘጋች፤ መጽሐፉን በመስኮቱ መለሰች። አመለወርቅ ተቀበለቻት፤ ግን ወደ መደርደሪያው አልሄደችም። መሳቢያውን ከፍታ የውሰት መዝገቡን አወጣች። ገጹ አርጅቶ ቢጫ ሆኗል። የመጽሐፉን ቁጥር ጻፈች፣ የማሚቱን ስም ጻፈች፣ «ፈርሚ» አለቻት።

ማሚቱ ወረቀቱን አየች፣ እሷን አየች። «ምን አጠፋሁ እትዬ?»

«ምንም አላጠፋሽም። ውሰጂው። ፈተናሽን ስትጨርሺ ትመልሺዋለሽ። የጠፋ እንደሆነ ግን እኔና አንቺ አንተያይም።»

ልጅቱ ፈርማ፣ መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልላ፣ አመለወርቅ ሐሳቧን እንዳትቀይርባት ይመስላል፣ ሳታመሰግን እየሮጠች ወጣች። ትንቢት ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች።

ሦስት ሳምንት በሰላም አለፈ። ከዚያ ከጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ መጣ፤ የአመለወርቅ ርክክብ ለሐምሌ መጨረሻ የተባለው ቀርቶ ከዓመቱ ቆጠራ ጋር ሰኔ ሃያ አራት ይደረግ ይላል። ሁለት ቀን ቀርቶታል። ከቆጠራው በኋላ ክፍሉ ታሽጎ ሦስት ሳምንት ይቆያል። የማሚቱ ፈተና የሚውለው እዚያ መሃል ነው።

አመለወርቅ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። አሁን መጽሐፉን ብትቀበላት ማሚቱ እስከ ፈተናዋ አታየውም። ብትተውላት ደግሞ ርክክቡ ላይ አንድ ይጎድላል፤ ክሊራንስም የለም፣ ጡረታም የለም። አቶ ገሪማ ከነባርኔጣቸው ዓይኗ ላይ መጡባት።

«እትዬ» አለች ትንቢት ፈራ ተባ እያለች፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቀው በሁለት ቀን ስምዎ ይበላሽ? ይሂዱና ይቀበሏት። ማንም አይፈርድብዎትም።»

እውነቷን ነው፤ ማንም አይፈርድባትም። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ባጃጅ ይዛ መጋዘኑ ድረስ ሄደች። መንገዱን ሁሉ የምትለውን ስትለማመድ ነበር፤ «ልጄ፣ ተገድጄ ነው። ልጄ፣ ደንብ ነው።» ዘበኛው በጣቱ ወደ ጓሮ አመለከታት። ዝናብ እያካፋ ስለነበር ሴቶቹ በቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ተደርድረው ምሳቸውን ይበላሉ። ጥግ ላይ ማሚቱ አለች። መጽሐፉ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል፤ ጮክ ብላ ታነባለች። ሁለት ሌሎች ለቃሚዎች ግራና ቀኝ ተጠግተዋታል፤ አንዷ የበላችበትን እጇን ወደ ኋላ አድርጋለች፣ ገጹን እንዳትነካ። መጽሐፉ በሲሚንቶ ወረቀት ተለብዷል፤ ጠርዙ በመርፌ ተሰፍቷል። አመለወርቅ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለአንድም መጽሐፍ ልባድ አልብሳ አታውቅም።

ማሚቱ ቀና ስትል አየቻት። ፊቷ ወደቀ። ምንም አልጠየቀችም፤ መጽሐፉን ዘጋች፣ በፌስታሉ ጠቀለለች፣ ተነሥታ በሁለት እጇ ዘረጋችላት። መነጠቅ የለመደ ሰው እንዲህ ነው፤ ምክንያት እንኳን አይጠይቅም።

አመለወርቅ ለመቀበል እጇን አልዘረጋችም።

«ስንተኛው ምዕራፍ ደረሳችሁ?» አለች አመለወርቅ።

«ዘጠኝ።»

«ስንት ቀራችሁ?»

«አራት እትዬ።»

«በሉ ቶሎ በሉ እንግዲህ። ዝናቡ እንዳይነካው ወደ ውስጥ ግቡ።» ፊቷን አዙራ ወጣች። ባጃጅ ስላጣች ከተማ ድረስ በእግሯ ተመለሰች፤ ጉልበቷ እየተቃጠለ፣ «አንቺ ቂል፣ አንቺ ቂል» እያለች።

በርክክቡ ቀን የኮሚቴው ሰብሳቢ ሆኖ የመጣው ደግነት የሚባል ወጣት ነበር። ደግነት እዚሁ ሰፈር ያደገ ልጅ ነው፤ ዩኒፎርም ለብሶ ከሽቦው ወዲህ ተቀምጦ ሲያነብ ታውቀዋለች። ዛሬ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ፣ መዝገብ ይዞ ቁጥር ይጠራል፤ ትንቢት ከመደርደሪያው እያየች «አለ» ትላለች። ቀኑን ሙሉ አለ፣ አለ፣ አለ። ወደ ማታ ላይ አንድ ቁጥር ጠራ፤ ትንቢት ወደ አመለወርቅ ዞረች።

«የለም ልበል?» አለ ደግነት።

«የለም አትበል» አለች አመለወርቅ። «ሰው ጋ ነው በል።» የውሰት መዝገቡን ከፍታ ፊቱ አስቀመጠችለት።

ደግነት መስመሯን አነበበ። ገጹን ገለበጠ፤ ባዶ ነው። ሌላም ገለበጠ። ወደ ኋላ ተመለሰና እንደገና መስመሯን አየ። አመለወርቅ ለሚመጣው ጥያቄ ሁሉ መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ ማን ፈቀደልሽ ቢላት፣ ደንቡን አታውቂም ወይ ቢላት፣ ባትመልስስ ቢላት።

«በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ሰው ብቻ ነው የተዋሰው?» አለ።

ለዚህ አልተዘጋጀችም። «አዎ» አለች። «አንድ ሰው።»

«እኔም ጠይቄዎት ነበር። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ።» ለወቀሳ አልነበረም፤ ትዝ ብሎት ነው። እሷ ግን ልጁ መቼ እንደጠየቃት አታስታውስም። ስንቱ እንደጠየቃት አታስታውስም። አፈረች። ያሳፈራት የጎደለው አንዱ መጽሐፍ አልነበረም፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሰባቱ ነበሩ።

ደግነት ለክሊራንሱ ያወጣውን ማኅተም መልሶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። «ክሊራንሱን ግን አሁን ልሰጥዎት አልችልም፣ እትዬ። መጽሐፉ ሲመለስ ይምጡና እናየዋለን።»

አመለወርቅ የክፍሉን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ትንቢት እጅ ላይ አኖረች። ከውሰት መዝገቡ ጎን የነበረውን እስክሪብቶም አንስታ ጨመረችላት። ከዚያ ነጠላዋን ከወንበሩ ላይ አነሳች።

«እሺ ልጄ» አለች።