የሲሞን ስምንተኛ ወረቀት

በጌዴኦ ምድር የዲላው ባጃጅ ነጂ ሲሞን ጣቱን ያልተወጋበት ጤና ጣቢያ ካለ፣ ገና መሠረቱ ያልተጣለ ነው። ዲላ ሦስቴ፣ ወናጎ ሁለቴ፣ ይርጋጨፌ ሁለቴ ኤች አይ ቪ ተመርምሯል። ያ ሁሉ ደም ቢጠራቀም የባጃጁን የነዳጅ ሰልባትዮ ሞልቶ ሞያሌ ያደርሰው ነበር፤ አጋነኑት የሚል ጣቶቹን ሄዶ ይይ። ሰባቱም ወረቀት «ነጻ» ይላል። እሱ ግን ጉንፋን በያዘው ቁጥር እጢ ፍለጋ አንገቱን ሲዳብስ ይውላል።

ቤተክርስቲያኑ ለጋብቻ የጠየቀው አንድ ወረቀት ብቻ ነበር። ሽማግሌዎቹ አይተው ከመረቁ ዓመት ሊሞላ ነው፤ ሠርጉን ሁለቴ ያራዘመው ራሱ ሲሞን ነው። እጮኛው ኤልቤቴል ወርቃ ከተማ ቡና ማጠቢያ ትሠራለች፤ ማድረቂያ አልጋው ላይ ከተሰጣው ቡና የተበላሸውን እየለቀመች ትጥላለች። አሁንም ካራዘምክ ቀለበትህን ውሰድ ብላ ላከችበት።

ሲሞን በሚኒባስ ከነፈ። ወርቃ ሲደርስ ግን እግሩ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰደው። ስምንተኛው ወረቀትም «ነጻ» አለ።

ማጠቢያው ሲደርስ ኤልቤቴል ጣቱ ላይ ያለውን ጥጥ አየች። ማድረቂያ አልጋው ዳር ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችውና ልቀም አለችው። እየለቀመ የደበቃትን አወጣው፤ ሳይተዋወቁ በፊት ወናጎ ስሟን እንኳ ከማያውቃት ሴት ጋር አንድ ሌሊት አድሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ ሁሉ ስለ ሌላ ሲሞን የሚያወራ ይመስለዋል።

እጇ ቆመ። ከፋት። ከዚያ እሱ የጣለውን ቡና አፍሳ መዳፉ ላይ አደረገችለት።

«እስቲ ይሄ ምን ሆኗል?»

አገላብጦ አየው፤ ምንም አልሆነም። «ደጋግሜ ሳየው የታመመ መሰለኝ» አላት።

«አዲስ ለቃሚ ሁሉ እንዲህ ነው። አንዱ አልጋ ላይ ብዙ ከቆየ ደህናውን መጣል ይጀምራል፤ አለቃችን ያስነሳዋል።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስማኝ ሲሞኔ፣ ቢኖርብህ መድኃኒትህን እያስታወስኩህ አብሬህ እኖር ነበር። የሌለብህን ግን እንዴት አድርጌ ላስታምምህ?»

ፍርሃቱ ቢመለስስ አላት። ያኔ ለመርፌ ከመሮጥህ በፊት ለኔ ደውል፤ ካልሆነም ጭንቀት የሚያክም ሰው ዘንድ አብረን እንሄዳለን አለችው።

ሲሞን ስልኩን አውጥቶ ለቤተክርስቲያኑ ሽማግሌ ደወለ። ለሠርጉ የጥርን ሁለተኛ ቅዳሜ ነገረው። እስኪጨርስ ኤልቤቴል የተወጋውን ጣቱን በቡና ገለባ አቧራ በነጣ እጇ ይዛለት ነበር።