ጃዝ የማትጠጣው መኪና

ታከለ ኮፈኑን ሲከፍት ሞተር የለም። ሞተሩ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ሳጥን የመሰለ ጎድጓዳ ነገር አለ፤ ውስጡ የሾፌሯ የባንታምላክ የበዓል ጫማ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ግማሽ ዳቦ። ታከለ ዕድሜውን ሙሉ መኪና ስትቆምበት መጀመሪያ የሚያደርገው ይኸንኑ ነበር፤ ኮፈኑን ከፍቶ ማሽተት፣ ቱቦውን ነቅሎ በአፉ መንፋት፣ የላላውን ማጥበቅ። አሁን የሚነፋ ቱቦ የለ፣ የሚሸት ነገር የለ። ጫማውን እያየ ቆመ።

«ምን ሆነች?» አለ ምስጋናው ከካሶኒው ላይ ተኝቶ።

«ዳቦ አላት» አለ ታከለ።

ምስጋናው ሊስቅ ብሎ አቃሰተ። ጠዋት የታጨደ ሰሊጥ ሲሰበስብ ነዶው ሥር የተኛ እባብ ቁርጭምጭሚቱን ነድፎታል። እብጠቱ ጉልበቱን አልፎ ወደ ጭኑ እየወጣ ነው፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። መፋዛ ከተማ ሐኪም ቤት ደርሶ መርፌ ካልተወጋ ነገሩ አያምርም። መፋዛ ደግሞ ገና ሩቅ ናት። ዙሪያውን ሰሊጥና ጥቁር ጭቃ ነው፤ ጎጆ እንኳ አይታይም።

ከእርሻው ሲነሱ መሪው ፊት ያለው መስተዋት ላይ የባትሪዋ ቁጥር ከመቶው ሃያ አንድ ነበር። «ይበቃል» ብለውት ነበር። በደረቅ መንገድ ይበቃ ይሆናል። ትናንት የዘነበበት ጥቁር አፈር ግን ጎማውን እንደ ሊጥ እየያዘ ቁጥሩን ቁልቁል አወረደው። ቆይቶ የኤሊ ሥዕል በራ። ኤሊ እዚህ ምን ትሠራለች እያለ ሲገረም መኪናዋ በሰው እርምጃ መሄድ ጀመረች። ከዚያ በቻይንኛ የሆነ ነገር ጽፋ ቆመች።

የሱዳኑ ጦርነት ከመጣ ወዲህ ጃዝ፣ ናፍጣው፣ እንደ ልብ ስለማይገኝ ነው ሐጂው፣ የእርሻው ባለቤት፣ አሮጌውን ፒካፕ፣ ቦክሲውን፣ ሸጠው ይችን ባለ ኤሌክትሪክ ያመጧት። «ፀሐይን ማን ቆልፎ ይሸጥልኛል?» አሉ፤ የሠራተኞቹ ካምቦ ጣሪያ ላይ ሶላሩን አስደረደሩ። በበጋ እውነትም ሠርታለች፤ ታከለ አፉን ሞልቶ አይናገረው እንጂ። ለአጫጆቹ ውኃ ታመላልሳለች፣ ማታ ካምቦው ሁሉ ስልኩን የሚሞላው ከሷ ነው። አሁን ግን ኸሪፉ፣ ክረምቱ፣ አልወጣ ብሎ ሰማዩ እንደተከደነ ሰነበተ። የተሞላችውንም ያህል ውኃ ማመላለሱ ጨርሶባታል።

ቁልፉን ለባንታምላክ ነበር የሰጡት። አሥረኛ ክፍል ጨርሷል ተብሎ። «ያንተ ጆሮ ለጃዝ ነው» አለው ታከለን የሐጂው ወኪል ዑስማን፣ በሰው ፊት። ያን ቦክሲ በጭቃም በአሸዋም አንድ ቀን ሳያሳድር ያመላለሰው እሱ ነበር፤ ሲሸጥ እንኳ አልነገሩትም፤ ጠዋት ተነሥቶ ቦታው ባዶ ሆኖ አገኘው። ዛሬ ባንታምላክ ጆንያ ሊገዛ ገዳሪፍ ወርዷል። ሰው ተነድፎ ጩኸት ሲነሣ ነው ታከለ ትዝ ያላቸው።

ደግሞ ለማን ብሎ! «አቡ ጃዝ»፣ የጃዝ አባት፣ የሚለውን ስም ያወጣለት ይኸው ምስጋናው ነው። «አቡ ጃዝ መጣ፣ ክብሪት እንዳትጭሩ!» ይላል እሳት ዳር፤ ካምቦው ሆዱን ይዞ ይስቃል። የቋራ ልጅ፣ የአገሩ ሰው!

ስልኩ ጠራ። ዑስማን ነው።

«ያ ታከለ፣ ዓረቢያዋ ቆመች አሉኝ?»

«አዎ፣ መኪናዋ ቆማለች። ሰው ላክልኝ፣ ልጁ እየባሰበት ነው።»

«የምልከው ሰው ማፊ፣ የለም። ባንታምላክ ነገ ጀነሬተር ጭኖ ይመጣል። እስከዚያ ከአጠገቧ እንዳትነቃነቅ። በገመድም እንዳታስጎትታት፤ ስትጎተት ትቃጠላለች ብለዋል የሸጡልን ሰዎች።»

«ነገ? ልጁ ነገን አያያትም እኮ!»

«አላህ ያሽረው። ጥለሃት ሄደህ ሽፍታ ቢወስዳት ግን ካምቦው ውስጥ ዓይንህን እንዳላየው። ኸላስ።»

ተዘጋ። ምስጋናው ሁሉንም ሰምቷል።

ከቆሙ ወዲህ ሁለት ሰው አልፏል። ሁለቱም በደግነት ቆመው «ጃዝ እንስጥህ?» ብለውታል። አገር ምድሩ ጃዝ አጣሁ በሚልበት ዓመት፣ መንገደኛው ሁሉ ጃዝ ይለግሰዋል! ሁለቱም በየሞተር ብስክሌታቸው ላይ ሰው አፈናጠው ስለነበር የታመመ የሚጭኑበት ቦታ አልነበራቸውም።

ሦስተኛው ጀማሉ ነው፤ መተማ ተወልዶ ገዳሪፍ ያረጀ የትራክተር ሾፌር። ጢሱ ቀድሞት መጣ።

«ሰላም ነው አያ ታከለ? ጃዝ አለቀ? ወላሂ ጀሪካን ሙሉ ይዣለሁ።»

«ጨምርላታ» አለ ታከለ በምሬት። «አፏን ካገኘኸው።»

ጀማሉ ወርዶ ዞራት። ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ።

«ጢስ ማውጫም የላት። ምንድን ነው የምትበላ?»

«ፀሐይ።»

ጀማሉ ቀና ብሎ ደመናውን አየ።

«ዛሬ ጾም ናት በለኛ» አለ። ወዲያው ዓይኑ ከምስጋናው እግር ላይ አረፈና ፊቱ ተለወጠ። «ያ ሰላም! ይኸማ አያስቆምም። የላ፣ አንሣው።»

ትራክተሩ ተሳቢ የለውም። ያለው የጀማሉ ወንበርና ግራና ቀኝ የጎማው ክዳን፣ ፓራፋንጎው፣ ነው። የታመመ ሰው ብቻውን እዚያ ላይ አይቀመጥም፤ ከኋላው ሆኖ የሚያቅፈው ይፈልጋል። ጀማሉ ታከለን አየው፣ መኪናዋን አየ።

«አያ ታከለ» አለ ምስጋናው። ድምፁ ደክሟል። «በገመድ ይሰረኝና ይሂድ። አንተ እንጀራህን ጠብቅ።»

የታከለ ደም ወደ ራሱ ወጣ። አያ! ሙሉ የአረም ጊዜ፣ ሙሉ አጨዳ አንዲት «አያ» አጥቶለት ከርሞ፣ መርዙ ጭኑ ሲደርስ ነው የተገኘችው? በጤናው ቢላት ምን ነበረበት? የሚሞት ሰው ያከበረው ክብር ለማን ይነገራል?

«ዝም በል!» ብሎ ጮኸበት። «እንደ ልማድህ ጥራኝ። አሁን ሰው አትሁንብኝ።»

ምስጋናው ፈገግ ያለ መሰለ፤ ከንፈሩ ግን ደርቆ አልታዘዘለትም።

ለሁለት ተሸክመው ፓራፋንጎው ላይ አወጡት። እግሩ ሲነካ የጮኸው ጩኸት ከሰሊጡ ውስጥ ወፎች አስነሣ።

ታከለ ወደ መኪናዋ ተመለሰ። ሞታ ይሁን ተኝታ አያውቅም፤ ድምፅ የላት። መሪው ሥር የሆነ ነገር ቢነካ ተርጂው አንዴ ከግራ ወደ ቀኝ ጠረገና ቆመ። ለመስተዋት መጥረጊያ የሚሆን ጉልበት አላት፤ ለጎማ ግን የላትም። እጁ ላይ ያለው ሙያ ሁሉ፣ እጁ ራሱ፣ ከንቱ ሆነበት። በሩን ቢቆልፍ ሽፍታ መስተዋቱን ይሰብራል እንጂ አይተዋትም። ባይቆልፍም ያው ነው።

«አያ ታከለ! ጊዜ የለም!» ጀማሉ ሞተሩን አስጮኸ።

«መርፌው መፋዛ ይኖር ይሆን?» አለ ምስጋናው፣ ለማንም ሳይሆን።

ጀማሉ እንዳልሰማ ሆኖ ማርሽ ነካካ። ያለፈው ሳምንት አንዱን የተነደፈ ሰው መርፌ የለም ብለው ወደ ገዳሪፍ እንደመለሱት ታከለም ሰምቷል። ያ ሰው ከምን እንደደረሰ የነገረው የለም።

ታከለ የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። ይዞት ከሄደ ለማስረከብ ወደ ካምቦው መመለስ አለበት፤ ዑስማን ፊት መቆም፣ እንደ ሌባ መጠየቅ፣ ባንታምላክ እያየው። ወንበሩ ላይ፣ ማንም አጎንብሶ የሚያየው ቦታ አስቀመጠውና በሩን ገርበብ አደረገው።

ከዚያ ፓራፋንጎው ላይ ወጥቶ ምስጋናውን ከኋላው በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ያዘው። የልጁ ገላ እንደ እሳት ይፋጃል።

«ያዝኸው?» አለ ጀማሉ።

«ንዳ» አለ ታከለ።