ዋሻው ውስጥ የቀረው

ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው የባቡር መስመር ሲሠራ ሁለት ወንድማማቾች ዋሻ ቆፋሪ ሆነው ተቀጠሩ። አንድ ቀን ጣሪያው ተናደና ታላቅየው ከሥር ቀረ። ታናሽየው ጥፍሩ እስኪነቀል ቢቆፍርም አለቃው፣ «ተራራው ዳግም ሳይናድ ውጡ!» ብሎ አስቆመው። በኋላ ናዳው ላይ ኮንክሪት ፈሰሰበት፣ ሐዲድም ተዘረጋበት። ኮንክሪቱን ካፈሰሱት አንዱ ታናሽየው ነበር፤ ሥራውን ቢለቅ እናቱን የሚያበላት አልነበረም።

መስመሩ በተከፈተ ሰሞን እናቱ፣ «ውሰደኝ» አለችው።

«እማዬ፣ ምን ያደርግልሻል?»

«መቃብሩን ልየው እንጂ! ሌላ ምን አለኝ?»

ባቡሩ ዋሻው ውስጥ ሲገባ መብራት በራ። ተሳፋሪው ስልኩን ይነካካል። ታናሽየው ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «እዚህ ጋ ነው» አላት። እናቱ ብድግ አለች።

ትኬት ተቆጣጣሪው አያትና፣ «እናት፣ ይቀመጡ፤ ይወድቃሉ» አላት።

«ልጄ ላይ ቁጭ ብዬ አላልፍም።»

ነገሩ አልገባውም። ትከሻዋን ይዞ ሊያስቀምጣት ሲል ታናሽየው እጁን ያዘው። «ተዋት፣ ወንድሜ» አለና እሱም ተነሥቶ እናቱን ደገፋት።

ወዲያው ዋሻው አለቀና ፀሐይ በመስኮቱ ገባች።

«የልጄ መቃብር ይቺን ታህል ናት?» አለች እናቱ። ከዚያ ተቀመጠች።