የደወለው ሰው

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግሌንዳ ረቡዕ ረቡዕ ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለች። ልትማር እንዳይመስላችሁ፤ ልታስተምር ነው! የተቸገረ ቤተሰብ የሚከታተል ሶሻል ወርከር ለመሆን የሚማሩት ልጆች ሰው ቤት ከመላካቸው በፊት ይፈተናሉ። የተቸገረችውን እናት ሆና የምትቀርብላቸው፣ ማርክም የምትሰጣቸው እሷ ናት። ችግሩን ከመጽሐፍ አላገኘችውም። ልጇ ዳረን ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቶት ዛሬም ጫማውን የምታስርለት እሷ ናት። ረቡዕ ረቡዕ ልጁን የምትይዝላት ታላቅ እህቷ ሞይራ ናት፤ ዳረን ከሞይራ ሌላ ሰው አያስጠጋም።

ያን ቀን አስተማሪዋ ፊሊፓ አዲስ ወረቀት ሰጠቻት።

«የዛሬዋ እናት ታሪክ ነው፤ ከድሮ መዝገብ የወጣ። ስም ሁሉ ተቀይሯል፣ አታስቢ።»

ግሌንዳ ሻይዋን እየጠጣች አነበበች። ልጁ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፣ አይናገርም፣ በር በተከፈተ ቁጥር ወደ መኪና መንገድ ይሮጣል። እናትየዋ የክፍሉን በር ከውጭ በአረንጓዴ የካፖርት መቀነት ታስራለች።

አረንጓዴ መቀነት! የራሷ መቀነት ናት። ስሙን ሁሉ ቀይረው መቀነቷን ረስተዋታል። እንዲህ ነው እንግዲህ የተማረ ሰው ሥራ!

የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት አንድ ሰው ለሕፃናት ጥበቃ ቢሮ ደውሎባት ዳረንን አሥራ አንድ ወር ወስደውባታል። ማን እንደደወለ አልነገሯትም። እሷ ግን የግድግዳ ጎረቤቷ ኤድና ናት ብላ ቆረጠች። በሰው ፊት ሰደበቻት፤ ኤድና ለእርቅ ያመጣችውን ኬክ ደጃፉ ላይ ደፋችው። አምና ኤድና ስትሞት ቀብሯ እንኳ አልሄደችም።

ከወረቀቱ ግርጌ እንዲህ ይላል፦ «ለተማሪው አይነገር። የደወለችው የእናትየዋ ታላቅ እህት ናት።»

ግሌንዳ ያለቻት አንድ እህት ናት።

ደግማ ሳታነበው በሩ ተንኳኳ። ታሪቅ የሚባል ተማሪ ደብተሩን አቅፎ ገባ፤ እንደ ደንቡ ራሱን አስተዋወቀ፣ ስለ ልጁ ጠየቃት፣ ከዚያ «ማን የደወለ ይመስልዎታል?» አላት።

«ጎረቤቴ» አለች። ወረቀቱም በይ የሚላት እሱኑ ነው። ግን ድምፅዋ ተሰበረ፣ ሻይዋም ጭኗ ላይ ፈሰሰ።

ታሪቅ ደብተሩን ዘጋው። «ይቅርታ፣ ይሄ ፈተናው ነው ወይስ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ የኔ ልጅ» አለችው። «አልፈሃል። ሂድ።»

ፊሊፓ ነገሩን ስትሰማ አፏን በእጇ ያዘች። ግሌንዳ ይቅርታዋን አልጠበቀችም፤ አውቶቡስ ተሳፍራ በቀጥታ ሞይራ ቤት ደረሰች።

ዳረን ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ የሥዕል ቁርጥራጮቹን ይገጣጥማል። ሞይራ ሳህን እያደረቀች ዞር አለች። «ምነው በጊዜ? ደግሞ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የነጣሽው?»

«አንቺ ነሽ የደወልሽው።»

ሞይራ አልካደችም። ሳህኑን አስቀመጠች። «ዘጠኝ ቀን አልተኛሽም ነበር። ‹ዳረንን ይዤ ጥልቁ የውሃ ቦይ ውስጥ ብገባ እገላገል ነበር› አልሽኝ። እየሳቅሽ ነው ያልሽኝ፣ ግሌንዳ። ምን ላድርግ?»

ግሌንዳ ማለቷን ታስታውሳለች። መሳቋን ግን ረስታዋለች።

«እሺ፣ ይሁን፣ ደወልሽ! ኤድናስ? ‹ከሷ ሌላ ማን ይሆናል› ያልሽኝ አንቺ! ኬኩን ስደፋው አጠገቤ ቆመሽ አልነበር? አፍ የለሽም?»

«አንድ ሰው መጥላትሽ አልቀረም ነበር። እኔን ብትጠዪኝ ዳረንን ማን ይይዝልሻል? በይ ንገሪኝ፣ ማን?»

«የማታውቅ ሴት ላይ! ምንም የማታውቅ ሴት!»

«ታውቅ ነበር» አለች ሞይራ። «በሳምንቱ ሄጄ ነገርኳት። ‹ተያት፣ እኔን ትጥላኝ፤ አንቺን ማጣት አትችልም› አለችኝ። ኬኩን የጋገረችው ከዚያ በኋላ ነው።»

ግሌንዳ ኬኩ የሎሚ እንደነበር ድንገት ትዝ አላት፤ እርግቦች ሁለት ቀን ሙሉ ከደጃፉ ላይ ለቅመውታል። ይቅርታ የምትለው ሰው ደግሞ አምና ተቀብሯል።

ዳረን ካፖርቷን ሲያይ የመሄጃ ሰዓት ደረሰ ብሎ ተነሣ፤ መጥቶ ያልታሰረ ጫማውን ዘረጋላት። ግሌንዳ ጫማውን እያየች እንደ ቆመች ቀረች።

ያሰረችለት ሞይራ ናት።