የቴሌቪዥኗ ልጅ «አላሳልፍም» ያለችበት ቀን

ያንን ስክሪን ግድግዳው ላይ ሲሰቅሉት ዞር ብዬም አላየሁትም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ኋላ ቆሜ ስሠራ ኖሬ፣ በስተርጅና አለቃ በሽቦ ተላከልኝ። አለቃዬ ከሰማንያ ኪሎ ሜትር ወዲያ፣ ከተማ የተቀመጠች ፋርማሲስት ናት። ዕድሜዋ ከመጨረሻ ልጄ አይበልጥም። መንደርተኛው «የቴሌቪዥኗ ልጅ» ይላታል፤ እኔ መጀመሪያ አካባቢ እሷን የምጠራበትን ስም እዚህ አልጽፈውም።

ሥራው እንዲህ ነው። ሐኪሙ ያዘዘውን መድኃኒት ከመደርደሪያ አወርድና ከማዘዣው ጋር ካሜራው ሥር አስቀምጣለሁ። እሷ ከዚያ ማዶ አገላብጣ ታየዋለች፣ ታነበዋለች፣ «ይለፍ» ትላለች። ይለፍ ካላለች አንዲት ፍሬ ከባንኮኒው አትወጣም። ከዚያ በሽተኛው መጋረጃ ተከልሎ ስክሪኑ ፊት ይቀመጣል፣ እሷም አወሳሰዱን ታስረዳዋለች። እውነቱን ለመናገር ድሮ ፋርማሲስት ማየት የፈለገ ሰው ሙሉ ቀን በአውቶቡስ ይንገላታ ነበር። ስለዚህ መንደሩ ሁሉ ተደሰተ፣ እኔ አኮረፍኩ።

ችግሩ መጋረጃው ድምፅ አያግድም። ልጅቷ ውስጥ ያለውን ሰው «ሆድዎ ይደርቃል?» ብላ ስትጠይቅ፣ ውጭ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ቀድመው «ኧረ በጣም! ሚስቱ ነግራናለች» ብለው ይመልሱለታል። ይኼ ነውር ነው ተባለና የጆሮ ማዳመጫ መጣ። ባሰ እንጂ አልተሻለም። ማዳመጫ ያደረገ ሰው የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ይጮኻል። አሁን ጥያቄዋ አይሰማም፣ መልሱ ግን ገበያው ድረስ ይሰማል። አናጢው የሆዱን ነገር በዝርዝር የጮኸ ዕለት ሳቄን መጋዘን ገብቼ ነው የጨረስኩት።

እንዲህ እየሳቅን ሳለ ነው የጋሼ ነገር የመጣው። ጋሼ የአክስቴ ባል ናቸው። የመንደሩ ወፍጮ የሳቸው ነው፤ ለአርባ ዓመት ከሳቸው በቀር ሞተሩን ያስነሣ ሰው የለም። ከአራት ወር ወዲህ ግን ያዞራቸው ጀመር። ያልባቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ይወድቃሉ። ባለፈው ሳምንት የወደቁት ሞተሩ እየሠራ፣ ወፍጮውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው የላስቲክ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ እየተሽከረከረ ነበር። ቺንጋው የሹራባቸውን እጅጌ ነጥቆ ሄደ። ክንዳቸው የተረፈው ሹራቡ አሮጌ ስለነበረና ቶሎ ስለተቀደደ ብቻ ነው።

ልጃቸው መካኒክ ነው፣ ከተማ ነው የሚኖረው። ይህን እንደሰማ እየከነፈ መጣ። ሲመጣ ግን ለወፍጮው ገዢ አግኝቶ ነው።

«እሁድ ሰውየው ያየዋል፣ ይገዛዋል። እናንተም ከኔ ጋር ትሄዳላችሁ። አበቃ» አለ።

ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። ጋሼ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ አልወርድላቸው አለ። ያለ ወፍጮው ምን ሆነው እንደሚውሉ እኔም ማሰብ አልቻልኩም።

ረቡዕ ጠዋት አባትና ልጅ የሐኪም ማዘዣ ይዘው መጡ። የጋሼ የደም ግፊት እየጨመረ በመሄዱ ሐኪሙ መድኃኒታቸውን በእጥፍ አሳድጎታል። እኔም ቶሎ ብዬ አወረድኩና ካሜራው ሥር አኖርኩት። ልጅቷ ወደ ጎን ዞራ የሆነ መዝገብ ታነባለች። 

«አላሳልፍም፣ እትዬ» አለች።

«ምን?»

«ይቅርታ፣ ለጊዜው አላሳልፍም። እቤት ያለው መድኃኒት፣ የሳቸውም የባለቤታቸውም፣ በተቀመጠበት ዕቃ እንዳለ ይምጣልኝ። ማንም እንዳያስተካክለው።»

ደሜ ፈላ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ሁለቱን ባንድ ላይ አገኘሁ ብዬ ልክ ልኳን ልነግራት አፌን ስከፍት፣ ጋሼ ማዳመጫውን አድርገው ስክሪኑ ፊት ቁጭ አሉ።

«ልጄ! ስጪኝና ልሂድ! ሊሸጡብኝ ነው እኮ ማሽኔን!»

ቀስ ብለው የተናገሩ መስሏቸዋል። ግን ጠቅላላው አግዳሚ ሰማ፣ ልጃቸውም ሰማ።  መካኒኩ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

አክስቴ ተጠራች። አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ በነጠላዋ ጠቅልላ መጣች።

«ይኸው፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቀው» ብላ ሰጠችኝ።

ክዳኑን ከፍቼ ካሜራው ሥር አስቀመጥኩት። ከማሸጊያው የወጣ፣ ትንንሽ፣ ክብ፣ ነጭ ፍሬ ግማሽ ድረስ ሞልቶታል። ልጅቷ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

«እማማ፣ ይኼ የማን ነው?»

«የኛ ነዋ!»

«የርስዎ ነው ወይስ የሳቸው?»

«የኛ አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።» አክስቴ እንደ ሕፃን ልታስረዳት ተጠጋች። «እሱ ጣቱ ወፍራም ነው። ያቺን ብልጭልጭ ወረቀት ቀዶ ፍሬዋን ማውጣት አይሆንለትም፣ ይናደዳል። ስለዚህ የወሩን ስናመጣ እኔው ቁጭ ብዬ ሁሉንም ፈልፍዬ እዚህ እጨምረዋለሁ። የኔም ስኳር ሲገኝብኝ መድኃኒቴን እዚሁ ጨመርኩት። ያው ሁለቱም ነጭ ነው፣ ሁለቱም ጠዋት ጠዋት አንድ ፍሬ ነው። ይቺ የእህቴ ልጅ ናት የነገረችን። እሱ አንድ፣ እኔ አንድ!»

ክው አልኩ። ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ካንድ ቆርቆሮ ሲቀዳ ግን ያን ቀን አየሁ። አግዳሚው ሳቁን ለቀቀው። ልጅቷ አልሳቀችም፤ ወይም ከሳቀች በደንብ ደብቃዋለች።

«እማማ፣ የርስዎ ስኳር የተገኘው ከአራት ወር በፊት ነው። ጋሼንም ያዞራቸው የጀመረው ያኔ ነው። የርስዎ ፍሬ የደረሳቸው ቀን ስኳራቸው ይወርድና ይወድቃሉ። የራሳቸውንም ስላልወሰዱ ግፊታቸው ይወጣል። የርስዎም ስኳር ከዚያ ወዲህ አልወረደም። ሁለታችሁም ባንድ ወር ስትበላሹ መዝገባችሁ ላይ ባይ ቤቱን ጠረጠርኩ።»

የአክስቴ ፈገግታ ከፊቷ ጠፋ። ወንበሩ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«እኔ ነኛ የጣልኩት?» አለች። «አርባ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬ በገዛ እጄ ልገለው ነበር?» እንባዋ ወረደ።

«በጭራሽ! እርስዎ እኮ የተነገረዎትን ነው ያደረጉት። ማንም አልጠየቀዎትም» አለች ልጅቷ።

እዚህ ቤት ማንም ማለት እኔ ነኝ። በዚህ ባንኮኒ ላይ አራት ወር በእጄ ሰጥቻቸዋለሁ። አክስቴ ቤት በየሳምንቱ እሄዳለሁ። የት ታስቀምጡታላችሁ ብዬ ግን አንድ ቀን አልጠየቅኩም። በቁሜ አፈርኩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ፣ አግዳሚው እየሰማ።

«እኔም አራት ወር ሙሉ ይለፍ ስል ነበር፣ እትዬ። እኩል ነን» አለችኝ።

ያን ጊዜ ወደድኳት። አልነገርኳትም እንጂ፤ ትኮራለች።

ለሐኪሙ እዚያው ደውላ አስረዳችው፣ የጋሼም መድኃኒት በድሮው መጠን እንዲቀጥል ተስማሙ። በቆርቆሮው ያለው ሁሉ ይወገድ አለች። ለአክስቴ አንድ ካርቶን፣ ለጋሼ አንድ ካርቶን አዘጋጀሁ። ፍሬው ከማሸጊያው ሳይወጣ ይቀመጣል፤ አክስቴ በየጠዋቱ የጋሼን አንዲት ብቻ ፈልፍላ መዳፋቸው ላይ ታኖራለች። ከዚያ ልጅቷ ወደ መካኒኩ ዞረች።

«ሁለት ሳምንት ይስጡኝ። ወፍጮው እስከዚያ ይቁም፣ ጋሼም በየጠዋቱ እዚህ እየመጡ ይለኩ።»

«ገዢው እሁድ ይመጣል።»

«ሁለት እሁድ ይታገሥ።»

«ከዚያ በኋላስ ቢወድቅ?»

«በሁለቱ ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ካዞራቸው፣ ወፍጮው ይዘጋ ብዬ የምናገረው እኔ ነኝ» አለች። አላባበለችውም። ጋሼ ለቁርጥ ነገር የሚሆን ሰው ናቸውና «እሺ!» ብለው ጮኹ።

ከዚያ ወዲህ የጋሼ ግፊት የመንደሩ ወሬ ሆነ። ማዳመጫውን አድርገው «መቶ ሰባ!» ብለው ሲጮኹ አግዳሚው ያዝናል፤ «መቶ ሃምሳ ሁለት!» ሲሉ ያጨበጭባል። እህሉን ለማስፈጨት ሌላ መንደር የሚሄደው ሰው ሳይቀር፣ ጆንያውን ተሸክሞ በመስኮቱ በኩል «ዛሬስ ስንት ገባ?» ብሎ ጠይቆ ያልፋል። ዘጠነኛው ቀን ጋሼ ከወንበሩ ሲነሡ ግድግዳውን ያዙ። መንደሩ በሙሉ ትንፋሹን ያዘ፣ መካኒኩም ብድግ አለ። ልጅቷ አስቀመጠቻቸው፣ ስኳራቸውን አስለካችኝ፣ ተቀምጠውም ቆመውም ግፊታቸውን ለካሁ። ሁሉም ደህና ነው። ለካ አንድ ሰዓት ሙሉ እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠው እግራቸው ደንዝዞ ኖሯል። አግዳሚው እስኪጠግብ ሰደባቸው።

ሁለቱ እሁድ አልፎ ሦስተኛው ደረሰ። የመጨረሻው ልኬት መቶ ሠላሳ ሁለት ነው፤ ከዚያን ረቡዕ ወዲህ አንድም ቀን አላዞራቸውም፣ አልወደቁም። ገዢው ግን በቀጠሮው መጣ፣ መካኒኩም ይዞት ወፍጮ ቤት ገባ። እኔ ልጅቷ እንድታይ ስልኬን ከፍቼ ግድግዳውን ተጠግቼ ቆምኩ።

ጋሼ ማንንም ሳያናግሩ ሞተሩን አስነሡ። ቤቱ ተንቀጠቀጠ፣ ዱቄቱ ቦነነ። መጀመሪያ ተሰልፋ የነበረችውን ሴት እህል ገለበጡ። ገዢው ማሽኑን ሊመረምር ተጠጋ።

«ዝም ብለህ ከምትቆም የጆንያውን አፍ ያዝልኝ!» አሉት። ሰውየው ያን የመሰለ የክት ልብሱን እንደለበሰ ያዘ። ሌላስ ምን ያደርጋል?

መካኒኩ በአባቱና በቺንጋው መካከል ገብቶ፣ ሕፃን መሄድ ሲጀምር እንደሚከተሉት ሁለት እጁን ዘርግቶ ከኋላ ከኋላ ይሄዳል። ጋሼ ሲጎነበሱ ይጎነበሳል፣ ቀና ሲሉ ቀና ይላል። አንድ ሰዓት እንዲህ ሆነ፣ ሁለት ሰዓት ሆነ። ጋሼ አላላባቸውም፣ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ሰባተኛውን ጆንያ ሲያነሡ ጭራሽ ማንጎራጎር ጀመሩ። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች፣ እኔም አለቅሳለሁ። ስልኩ ውስጥ ያለችው ልጅ አፏን በእጇ ሸፍናለች።

ገዢው ጆንያውን አስሮ ዱቄቱን አራገፈና «እህስ፣ እንዋዋል?» አለ።

መካኒኩ አባቱን አየ። ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተው የሚቀጥለውን እህል ይመዝናሉ። የሰሙ አይመስሉም፤ ግን ማንጎራጎሩን አቁመዋል።

«አልሸጥም» አለ መካኒኩ። «አባቴ ሥራ ላይ ነው።»

ከዚያም ከአባቱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ራቀና፣ ጠዋት የዘረጋውን እጁን አወረደ።