የሊቀመንበርና የቀይዋ መኪና አመል

ሀስና መኪናዋ እንደታመመች ያወቀችው ገና ሳትነካት ነው። የመኪናዋ ባለቤት ፈንታው ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ እንደ ሽማግሌ ሳል ሳል ብሏት ተነሳች፤ ከኋላዋም ነጭ ጭስ ለቀቀች። ሀስና በጎብዬ የእንስሳት ክሊኒክ ስትሠራ የምትስል ፍየል ስንት አይታለች። ይህችኛዋ ግን ቀይ ናት፤ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ አስፋልቱን ሊነካ ጥቂት የቀረው የስፖርት መኪና። ፍየል ብትሆን መድኃኒት ሰጥታ ትሸኛት ነበር። መኪና ሆነችና ወደደቻት።

በዚህ አገር ምን ልታደርግባት ነው ያላላት ሰው የለም። ሀስና መልሱን አዘጋጅታለች። የምትኖረው ቆቦ ነው፤ የምትሠራው ጎብዬ፤ እናቷ ያለችው መሀል ላይ፣ ሮቢት። ኑሮዋ በሙሉ በአንድ አስፋልት ላይ የተሰካ ነው፤ ኮረኮንች የሚያስወጣት ጉዳይ የላትም። የሚጎድላት ትዕግሥት ነው። በየጠዋቱ ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብላ፣ ረዳቱ "አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ሰው ብቻ" እያለ ሌላ አራት ሰው እስኪጠቀጥቅ ስትጠብቅ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባችው ለዚህ እንደሆነ ራሷን ትጠይቃለች።

ፈንታው በበኩሉ መኪናዋ በቅታዋለች። መንገድ ሥራ ላይ ሳለ በወንደላጤነቱ ዘመን የገዛት ናት። አሁን ሚስት አለችው፤ ሚስቱ የሺ ደግሞ መንታ ወልዳለች። አራት ሰው በሁለት በር ሲገባና ሲወጣ ማየት የሮቢት ሰው የእሑድ መዝናኛ ሆኗል። ስለዚህ መኪናዋን ሰጥቶ የግመል ንግድ ሊጀምር አሰበ። ሀስና ደግሞ አባቷ ትተውላት የሞቱት አንዲት ሴት ግመል አለቻት፤ የእኔ የምትለው ንብረት እሷው ብቻ ናት። ብር የሚባል ነገር ሳይነሳ ነገሩ ልውውጥ ሆነ፤ ግመል በመኪና።

የግመሏ ስም ሊቀመንበር ነው። ስሙን ያወጡላት የሀስና አባት ናቸው። ደስ ባላት ቦታ ትቀመጣለች፤ ከተቀመጠች ደግሞ የሚያስነሳት አልተወለደም።

"ሊቀመንበርን ለቆርቆሮ?" አለች እናቷ አሚና። "መኪናዋ ትታለባለች?"

"አትታለብም፣ እማ።"

"ትወልዳለች?"

"ትሄዳለች። ሊቀመንበር እኮ መሄድ ከተወች ቆይታለች።"

"እሷ የምትሄድበት ስለሌላት ነው። አንችስ ወዴት ነው እንዲህ የምትጣደፊው? ለባል እንዲህ ብትቸኩይ ይሄኔ የልጅ ልጅ በታቀፍሁ።"

"የመጣው ሁሉ እንደ ሚኒባስ ነው። ልንሄድ ነው፣ ልንሄድ ነው ይላል፤ አይነሳም።"

አሚና ሳቋን በሻሿ ጫፍ ደበቀችና የግመሏን ገመድ ልትፈታ ወጣች።

በሮቢት ከብት ሲሸጥ ሻጩ በምስክር ፊት የከብቱን አመል ይናገራል። ይራገጣል፣ አጥር ይሰብራል፣ ሰው ይወጋል፤ ያለውን ሁሉ ይዘረግፋል። አመል የደበቀ ሰው ከብቱ ይመለስበታል፤ ከዚያ ወዲያ ገበያ መሀል ሲቆም ሰው እያየው ይስቃል። ለሀስናና ለፈንታው ምስክር የሆኑት አያ ካሳው ናቸው፤ የደም ነገር ሳይቀር የሚያስታርቁ አባጋር። ስለ መኪና የሚያውቁት ነገር ቢኖር ሲመጣ ከመንገድ መውጣትን ነው። ቢሆንም ልውውጥ ልውውጥ ነው ብለው ቀይዋን መኪና እንደ ጊደር ዞሯት፤ ጎንበስ ብለውም የፊት መብራቷን ትክ ብለው አዩት።

"ጥርሷ ወዴት ነው?" አሉ። መብራቱን በጣታቸው ነካ አደረጉና ተዉት። "ይሁን። ፈንታው፣ አመሏን ተናገር።"

"አመል የላትም፣ አያ ካሳው። በግ ናት።"

ሀስና ፊቱን አየችው፤ የሚያፍር ሰው ፊት አልነበረም። የሊቀመንበርን ነገር ልትናገር አስባ ነበር የመጣችው። ሰውየው የምትስለውን መኪናውን በግ ሲላት ግን እልህ ያዛት።

"ያንችስ፣ ልጄ?"

"እሷም በግ ናት።"

ግመል በግ ስትሆን የሰማ ባይኖርም አያ ካሳው አንገታቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያው ይፈተኑ። በሬ በቀንበር ይፈተናል። እነዚህ ደግሞ ቀትር ላይ፣ ፀሐይ ሲበረታ።"

"ጠዋት አይሻልም?" አለ ፈንታው ፈጠን ብሎ። "ነፋሻ ነው።"

"ጠዋትማ እኔም እሮጣለሁ።"

ቀትር ላይ ሀስና መሪውን ያዘች፤ ፈንታው ከጎኗ ተቀመጠ፤ አያ ካሳው ከኋላ ወንበር ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተጣጥፈው ዱላቸውን በመስኮት አወጡ። ወደ ጎብዬ ከነፉ። ሀስና ገና እግሯን ስታሳርፍባት መኪናዋ ትወረወራለች። የማሽላው ማሳ ከግራና ከቀኝ ይሸሻል። አያ ካሳው "ያ ረቢ" ማለት ጀምረው መሀል ላይ ተዉት፤ ወደውታል። ጎብዬ ሲደርሱ ሀስና የምታውቀው ሚኒባስ መናኸሪያው በር ላይ ቆሟል፤ ረዳቱም "አንድ ሰው ብቻ" እያለ ነው። ጥሩምባ ነፋችበት። ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቀች ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ሲመለሱ የሆነ ነገር ሸተታት። መለኪያዎቹን ስታይ አንዱ ላይ የጽጌረዳ ተለጣፊ ተለጥፏል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጌጥ ነው" አለ ፈንታው።

ላጠችው። ከሥሩ የሙቀቱ ቀስት ቀዩ ላይ ተኝቷል። ወዲያው ከፊት እንፋሎት ተነሳና መንገዱን ሸፈነው፤ መኪናዋም ሮቢት እየታየ፣ አስፋልት መሀል ቆመች።

"አመል ነው ወይስ ሞት?" አሉ አያ ካሳው ከኋላ።

"ትንሽ ማረፍ ነው" አለ ፈንታው።

ሀስና ኮፈኑን አስከፍታ የዘይቱን መለኪያ መዘዘች። ዘይቱ ወተት ያለበት ሻይ መስሏል። "ውሃ ገብቶበታል" አለች። ፈንታው ወደ ተራራው ማየት ጀመረ።

ከወዲያ ማዶ፣ ሮቢት መግቢያ ላይ ካለው ግራር ሥር፣ አሚና ሊቀመንበርን ይዛ ትጠብቃለች። ፈንታው ግመሏን ሲያይ ነፍስ ዘራ። "ለምን ሊቀመንበር አትጎትተንም? የሷም ፈተና በዚያው ያልቃል።"

ሀስና አትጎትትም ብትል ውሸቷ ይወጣል። ዝም ብትልም ይወጣል፤ ግን ትንሽ ቆይቶ ነው።

"ትጎትት" አለች።

አሚና ግመሏን አመጣች፤ ገመድ ታሰረ። ሊቀመንበር ጥቂት ሄደች። ቆመች። ግራና ቀኙን እንደ ጉባኤ ቃኘች፤ ጉልበቷን አጠፈችና አስፋልቱ ላይ ተቀመጠች። ከወልድያ የመጣ አውቶቡስ ከኋላቸው ቆሞ ጥሩምባውን አስጮኸ። ሾፌሩ አንገቱን አወጣ።

"ማነው እሷን የሚያስነሳልን?"

"ስብሰባ ላይ ናት" አለች አሚና። "ሲያልቅ ትነሳለች።"

አያ ካሳው ከመኪናዋ እየተጎተቱ ወጡ። ግመሏን አዩ፤ መኪናዋን አዩ፤ ዱላቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። "ሁለት በግ" አሉ። "ሁለታችሁም ዋሽታችኋል። ሁሉም የራሱን ይዞ ይግባ።"

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ይችል ነበር። ሀስና ግመሏን ይዛ ትገባለች፤ ነገ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ትላለች፤ ከነገ ወዲያም። መኪናዋን አየቻት። ጭሷን እየተፋች እንኳ የቆመች አትመስልም።

"አያ ካሳው፣ አሁን ብንናገር አትሰሙንም? አንቱው ፍረዱ።"

"ዘግይታችኋል። ግን ጆሮ አለኝ።"

ሀስና ዘረገፈችው። ሊቀመንበር ትቀመጣለች፤ ያላወቀችውን ወንድ ትነክሳለች፤ ጭነት ካልወደደችው ታራግፋለች። "ወተቷ ግን የትም አይገኝም። ይሄ ውሸት አይደለም።"

ፈንታው ጭንቅላቱን አከከ። "የቴስታታው ጋስኬት፣ ውሃውን ከዘይቱ የሚለየው፣ ተቃጥሏል። አዲሱ አልጋዬ ሥር በካርቶን አለ።"

"ታዲያ ለምን አላስገጠምከውም?"

"የሺ ናት። ከዳነች አትሸጣትም አለችኝ። እውነቷን ነው።"

ሀስና ብዙ አላሰበችም። ሞተር ይፈታል፤ ሊቀመንበርን የሚፈታ መካኒክ ግን ቆቦም የለም። "ጋስኬቱን ከነካርቶኑ ጨምርበትና ግመሏ ያንተ ትሁን።"

ፈንታው የተቀመጠችውን ግመል ዞሮ አያት። "የምትቀመጥ ግመል አትጠፋም" አለ በመጨረሻ። እጅ ተመታቱ። አያ ካሳው ዱላቸውን አስፋልቱ ላይ ቸከሉና መረቁ።

ምርቃቱ ሲያልቅ ሊቀመንበር ማንም ሳይነካት ብድግ አለች፤ ሰዓቷ ነበር። ወደ አሚና ቤት መንገድ ጀመረች። ገመዱን ግን የፈታው ሰው የለም፤ መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። ሀስና ሮጣ ገብታ መሪውን ያዘች፤ ፈንታው አዲሷን ግመሉን እየተማጠነ በጎን ሮጠ፤ ሊነካት ግን አልደፈረም።

እንዲህ ሆነው በግመል እርምጃ ሮቢት ሲገቡ የጎብዬው ሚኒባስ ደረሰባቸው። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ሀስና መስኮት ጎንበስ አለ።

"ዶክተር፣ ግቢ። አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን።"

ሀስና በዚያ ሙቀት መስኮቷን እስከ ላይ ዘጋችው።