የአውሬው ሣቅ

በሚሠሩት አዲስ የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ አውሬው በዱላ ሲመታ ይሥቃል። ይህን የፈለሰፈው ድምፅ ሠራተኛው ነው። የአንዲት ትንሽ ልጅ ሣቅ ወሰደና በኮምፒውተሩ አዘገየው፤ ሲዘገይ ከጉድጓድ የሚወጣ ማጓራት ሆነ። ሠዓሊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰማው የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ፣ "ውይ! ይኼስ ያስቃዠኛል" አለች። አለቃው ግን በደስታ ጠረጴዛውን ደበደበ።

ሣቁን ለመቅዳት የትም አልሄዱም። የአለቃው የእህት ባል ከዓመታት በፊት ብቻውን ከሠራው የኮምፒውተር ጨዋታ ወሰዱት። በውስጡ ወንዝ፣ ድልድይ፣ ጠባብ መስኮት ያላቸው ቤቶችና ወፎች አሉ፤ ተጫዋቹ ድልድዩን በተሻገረ ቁጥር አንዲት ልጅ ትሥቃለች። የምትሥቀው የገዛ ልጁ ነበረች። ልጅቷ ስትሞት ሰውየው ጨዋታውን ከነሥዕሉ ከነድምፁ ለሕዝብ ለቀቀው፤ ማንም ይውሰደው፣ ይለውጠው፣ ይሽጠው፣ እኔን መጠየቅ አያስፈልግም ብሎ። ብዙ ሰው እጅ ከገባ ሣቋ አይጠፋም ብሎ ነው። አውሬ ይሆናል ብሎ ግን አላሰበም።

አለቃው ሙያውን የተማረው ከዚሁ ሰው ነው። ያን ጊዜ ሰውየው ጎበዝም ምላሰኛም ነበር። አንድ ቀን አለቃው የሣለውን ፈረስ ሰው ፊት ዘርግቶ፣ "ይኼ ፈረስ ነው ወይስ የተገለበጠ ወንበር?" ብሎ አሥቆበታል። አለቃውም አብሮ ሣቀ፤ ቂሙን ግን ሆዱ ውስጥ ቀበረው። ገና ያላለቀውን አዲሱን ጨዋታ ለሰውየው የላከለትም ራሱ ነው።

ሰውየው በማግሥቱ ጠዋት መጣ። ኮፍያውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ።

"ይግቡ እንጂ ጋሼ! ምነው እንደ እንግዳ?" አለ አለቃው፣ ከወንበሩ ሳይነሣ።

"የላክልኝን አየሁት።"

"እንዴት ነው? ፈረሱ ፈረስ መስሏል?"

"ጥሩ ነው። ወንዙንም ቤቶቹንም ውሰዱ፤ ሰጥቻለሁ፣ ቅር አይለኝም። ሣቋን ብቻ ከአውሬው አውጡልኝ።"

"ማንም ይውሰደው ያሉት እርስዎ ነዎት። እኔ ከማንም አልቆጠርም እንዴ?"

"አንተ አጎቷ ነህ።"

"ታዲያ ለዓለም ሁሉ ሰጥተው ለአጎቷ ይሰስታሉ? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ ጋሼ።"

"እባክህ፣ ወንድሜ። እሷን የሚመቷት ነው የሚመስለኝ። እናቷ ገና አልሰማችውም። ሳትሰማው አውጣልኝ።"

ሠዓሊዋ አንገቷን ደፋች። ድምፅ ሠራተኛው ቀስ ብሎ፣ "ሌላ ድምፅ ብንፈልግስ?" አለ።

"ከየት አባታችን?" አለቃው ጥቂት አሰበና ወደ ሰውየው ዞረ። "እሺ፣ እርስዎ ይጩኹልን። ጩኸትዎ ከበለጠ ሣቋን ከአውሬው አወጣለሁ። እህቴ ትሙት!"

ድምፅ የሚቀዱት ቁም ሣጥን በምታህል ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳዋ በአሮጌ ብርድ ልብስ ተሸፍኗል፤ በአንዲት ትንሽ መስታወት ውስጡን ታሳያለች። ሰውየው ማይክሮፎኑ ፊት ቆሞ ጮኸ። ዐይን አፋር ጩኸት ነበር።

"ጣቱን በር የቆነጠጠው ሰው ይመስላል" አለ አለቃው በድምፅ ማጉያው። "ይድገሙት።"

ደገመው።

"ከእጅ አይሻል ዶማ! አሁንም ይድገሙት።"

ሰውየው ድምፁ እስኪሰነጠቅ ጮኸ። በመጨረሻ አለቃው አፉን አስጠግቶ፣ በለሰለሰ አነጋገር፣ "ጋሼ፣ ያን ቀን ሐኪሙ ከክፍሏ ሲወጣ ምን አለዎት?" ብሎ ጠየቀ።

ሰውየው ፊቱን ከማይክሮፎኑ መለሰ።

"እንግዲያውስ ሣቋ እዚያው ይቆይ?"

"ግባና ተሰናበታት አለኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ስገባ..."

መጨረስ አልቻለም። ከሆዱ ፈንቅሎ የወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር። ድምፅ ሠራተኛው ቀረጻውን ሊያቆም እጁን ሲሰድ አለቃው እጁን መትቶ መለሰበት። ሰውየው ብርድ ልብሱን ጨብጦ እስኪወጣለት ድረስ ቀረጻው ቀጠለ።

"ይኼ ነው! እንውሰደው?" አለ አለቃው።

"ውሰዱት" አለ ሰውየው፣ ፊቱን በኮፍያው እየጠረገ። "እሷን ብቻ አውጡልኝ።"

ኮሪደሩ ላይ አስቀመጡት። ከሰዓት በኋላ አለቃው ጠራውና ራሱ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀለት። "ቃሌን ጠብቄያለሁ። እስቲ ይምቱት።"

ሰውየው ቁልፉን ተጫነ። ስክሪኑ ላይ ተጫዋቹ የሚያንቀሳቅሰው አዳኝ ዱላውን አነሣና አውሬውን መታው። አውሬው በሰውየው ድምፅ ጮኸ። ወዲያው አዳኙ ሣቀ፤ ጥርት ያለ፣ ያልዘገየ የልጅ ሣቅ።

"ኧረ በሕግ!" አለች ሠዓሊዋ።

"ከአውሬው አውጣ አለኝ፣ አወጣሁ። ለመቺው ሰጠኋት። ምን አጠፋሁ?" አለቃው ሰውየው ሲወድቅ ለማየት እጆቹን አጣምሮ ቆመ።

ሰውየው ግን አልወደቀም። ቁልፉን እንደገና ተጫነ። አውሬው ጮኸ፣ ልጅቷ ሣቀች። ደግሞ ተጫነ።

"እንዲህ ነበር የምንጫወተው" አለ፣ ዐይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። "አልጋ ሥር ገብቼ እንደ አውሬ እጮኽላታለሁ፤ እሷ በትራስ ትመታኝና ልክ እንዲህ ትሥቃለች።" ፊቱ በርቶ ነበር።

የአለቃው ፊት ጠቆረ። "ይብቃ ጋሼ፣ ሥራ አለብን።"

"አንዴ ብቻ።"

"ተነሥ ብዬሃለሁ!" ክንዱን ይዞ ከወንበሩ ጎተተው፤ እየገፋ በሩ ድረስ ወሰደው። "ከፈለግህ ገበያ ላይ ሲወጣ እንደማንም ሰው ገዝተህ ትጫወታለህ።"

"መቼ ነው የሚወጣው?" አለ ሰውየው። አልተቆጣም። "እናቷንም አምጥቼ ላሰማት..."

አለቃው በሩን ዘጋበት። ወደ ድምፅ ሠራተኛው ተመልሶ፣ "ልጅቷን ሰርዛት" አለው።

"አሁን እኮ ሰውየው..."

"አውጡልኝ ብሎ የለመነው እሱ አይደለም? ጩኸቱ ብቻ ይበቃል።"

ድምፅ ሠራተኛው ወደ ሠዓሊዋ ተመለከተ፤ እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሣቁን ሰረዘና ሥራውን ሊፈትሽ ቁልፉን ተጫነ። አዳኙ መታ። አውሬው ጮኸ፤ ማንም አልሣቀለትም።